ዘይት የፈሰሰበት ደረጃ

ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ልብስ ሰፊው የሱቁን የብረት መዝጊያ እስከ ግማሽ አወረደና ከጋራዥ ለምኖ ያመጣውን የተቃጠለ ዘይት በደረጃው ላይ ያፈስ ጀመር። ሥራ ፈት እንዳይቀመጥበት ነው። ዘዴው የእሱ ነበር፤ ዛሬ ግን የመንገዱ ባለሱቆች ሁሉ ተከትለውታል። የመሐል ከተማው ሰፊ መንገድ ቀን መተላለፊያ ብቻ ሆኗል፤ ማታ ማታማ ውሻም ይፈራዋል።

ልቡ ግን አላረፈም። መድኃኒት ቤት የምትሠራው ልጁ በዚህ ሰዓት በዚሁ መንገድ በእግሯ ትመጣና አብረው ወደ ቤት ይሄዳሉ። ዛሬ ዘግይታለች፤ ስልኳም አይነሳም።

እንዲህ ሆኖ ሳለ የወንድሙ ልጅ ሲያልፍ አገኘው። የከተማ ፕላን የተማረ፣ ሲያስረዳ እጁ የማያርፍ ወጣት ነው። ሰላምታው ሳያልቅ ዓይኑ ዘይቱ ላይ ቀረ።

«ጋሼ፣ አይቆጡኝና፣ ይሄን የሚያፈሱት ለማን ነው?»

«ለሥራ ፈት ነዋ። አላፊ አግዳሚውን ሲያይ የሚውል ሰው ምን ይጠቅመኛል?»

«ማየቱ ራሱ ይጠቅማል። ሌባ የሚፈራው ቁልፍ ሳይሆን ዓይን ነው።»

ወጣቱ በዚህ አላበቃም። ከሌላ አገር የሚመጡ እንግዶች እንኳ ሕንፃዎቹን አድንቀው ሲያበቁ ከዚህ መንገድ ቶሎ ለመውጣት እንደሚቸኩሉ ነገረው። ልብስ ሰፊው በበኩሉ ሻይ ሻጯን አነሳ። በሱቁ ፊት አግዳሚ ወንበሯን ዘርግታ በነበረበት ዘመን ኪስ አውላቂ በዝቶ፣ እሱና ጎረቤቶቹ አቤት ብለው ወደ መንገዱ ሩቅ ጥግ አስነስተዋታል። ከዚያ ወዲህ ስርቆት የለም አለ፣ ዓይኑን ከመንገዱ ሳይነቅል።

«ደንበኛስ አለ?»

አጎትየው የቀረውን ዘይት አንጠፈጠፈ። ሰው አባርሮ ደንበኛ መጠበቅ ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ መሆኑን ልቡ ያውቀዋል፤ አፉ ግን እሺ አይልም። ደግሞ የዛሬ ጭንቀቱ ደንበኛ አይደለም። ስልኩን እንደገና ሞከረ። ጠራ፣ ጠራ፣ ዝም አለ።

ልጅቷ ብቅ ያለችው ጨለማው ሲይዝ ነው፤ ክንዷን ሻይ ሻጯ ደግፋታለች። ፊቷ በድንጋጤ ገርጥቷል።

«አባባ፣ አንድ ሰው ከባንኩ ጀምሮ ተከተለኝ» አለች። «ስፈጥን ይፈጥናል፣ ስቆም ይቆማል። ስሮጥ ስልኬ ወደቀ። የማንኳኳው በር ፈለግሁ፤ ሁሉም ተዘግቷል። ብርሃን ያየሁት እሳቸው ጋ ብቻ ነው። ሻይ የሚጠጡት ሰዎች ብድግ ሲሉ ሰውየው ተመለሰ።»

«አደራዎትን አምጥቻለሁ» አለች ሻይ ሻጯ፤ እንዳያዳልጣት ከደረጃው በታች ቆማ።

የፈሩት ይደርሳል ይባላል። ልብስ ሰፊውን የከበደው ግን የፈራው መድረሱ ሳይሆን መንገዱን የጠረገለት እሱ ራሱ መሆኑ ነው። ከመደርደሪያው አንድ ጥቅል ሙሉ ጨርቅ አውጥቶ ዘይቱ ላይ አነጠፈ።

«ይግቡ፣ እመቤቴ» አላት። ከዚያ ወደ ወንድሙ ልጅ ዞረ። «አንተም ከነገ ጀምሮ አፍህን ትተህ በእጅህ አግዘኝ።»

በማግስቱ ሁለቱ ደረጃውን በሰጋቱራና በሳሙና ሲፈትጉ ዋሉ። አግዳሚ ወንበሩ ወደ ቦታው ተመለሰ፤ የስፌት መኪናውም ከጓዳ ወደ በሩ ወጣ፤ መብራቱ አምሽቶ መብራት ያዘ። ጎረቤቶቹ መጀመሪያ ሳቁበት፣ ኋላ ግን መዝጊያቸውን ከፍ አደረጉ። ሻይ ሊጠጣ የተቀመጠ ሱሪ ማሳጠር ትዝ ይለዋል፤ እንግዳም ቆም ብሎ መንገድ ይጠይቃል። የሰው መድኃኒቱ ሰው ነው የሚባለው ለመንገድም ይሠራል። ኪስ አውላቂም አንዳንዴ ብቅ ማለቱ አልቀረም፤ አሁን ግን «ያዘው» የሚል አለ።

ልብስ ሰፊው ዛሬም ሲመሽ ልጁ እስክትመጣ ልቡ ይፈራል። የጫማ ድምፅ በሰማ ቁጥር መርፌውን አቁሞ ቀና ይላል። አግዳሚው ላይ ያሉትም አብረውት ቀና ይላሉ፤ «መጣችልዎት» የሚሉትም ብዙ ጊዜ ከእሱ ቀድመው ነው።