ሳይቀመስ አይሰጥም

ዓርብ ረፋድ ላይ፣ እስራኤል ውስጥ ከክፋር ዮና ወደ ኔታንያ በሚወስደው የጋራ ታክሲ ውስጥ፣ ለዘመዳቸው ልጅ ሚስት ሊጠይቁ የሚሄዱ ሁለት ሽማግሌዎች ከፊቴ ተቀምጠዋል። እያንዳንዳቸው የተከፈተ የቀይ ወይን ጠርሙስና የላስቲክ ኩባያ ይዘዋል፤ የአንዱ ካበርኔ፣ የሌላው መርሎ የሚባለው ዓይነት ነው።

«አያ መኮንን፣ ይኸ ያንተ ካበርኔ ምላስ አንቆ ይይዛል። ጌሾ የበዛበት ጠላ ነው የሚመስል።»

«አጥንት ስላለው ነው። ከተዋጠም በኋላ አፍ ውስጥ ቆሞ ይቀራል። መርሎውስ?»

«መርሎው ለስላሳ ነው። የበሰለ ፕሪም ፕሪም ይላል፤ ሳይታወቅህ ይወርዳል።»

«ለስላሳ ለሽምግልና አይሆንም። አባትየው ቅራሪ አመጡልኝ ቢልስ?»

«በካበርኔው ፊቱ ቢጨማደድስ? ልጅቱን ይከለክለናል።»

«እንግዲያው ድገምና ቅመስ።»

«ልጁ ግን በዕብራይስጡ ማታና ነው፣ ስጦታ ነው፣ እንዳትከፍቱት ብሎን ነበር።»

«እሱ ምን ያውቃል! ሳይቀምስ የሚያቀርብ አሳላፊ የት ታይቷል? መርዝ አመጡብን እንዲሉ ነው?»

«እሱስ ነውር ነው።»

ቀዱ፤ ጠጡ።

«አያ፣ ሁለቱም ተጋመሱ እኮ!»

«ጎዶሎ ጠርሙስ ይዘን የሰው ደጃፍ አንቆምም። ያንተን ወደ እኔ ገልብጠው።»

«መርሎውን ካበርኔው ላይ?»

«ያኛው ሥጋ፣ ይኸኛው አጥንት። ሲጋቡ ሙሉ ሰው ይወጣቸዋል።»

«ሞላ! ተመስገን። በል ክደነው።»

«ምን ነካህ? ይኸ እኮ አዲስ ነው፤ መጀመሪያ እንቅመሰው እንጂ።»

ለአማቴ የገዛሁትን ያልተከፈተ ጠርሙስ ቀስ ብዬ በእግሬ ወደ ወንበሩ ስር ገፋሁት።