አባ መቀስ እና የመጀመሪያው መስመር

እግር ጥሎኝ ነው እንጂ የዚያን ሰኞ በሰው ነገር የመግባት ሐሳብ አልነበረኝም። ሠላሳ ዓመት ሒሳብ ሳስተምር ኖሬ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። የማርመው ደብተር ባይኖርም ቀይ እስክሪብቶ ሲያልቅብኝ እረበሻለሁ። እሱን ልገዛ ስወጣ ዝናብ ያዘኝና የጽሕፈት መሣሪያ ሱቁ በረንዳ ሥር ተጠለልኩ። ከእኔ ቀድመው የተጠለሉ ሁለት ሰዎች እዚያው ይጨቃጨቁ ነበር።

አንደኛው ጎረቤቴ ነው። የልብስ ፋብሪካው ዋና ጨርቅ ቆራጭ ስለሆነ ሰፈሩም ፋብሪካውም «አባ መቀስ» ይለዋል። ሌላዋ የወንድሙ ልጅ ናት። የፋብሪካው ባለቤቶች ቱርኮች በመሆናቸው፣ ኮሌጅ ቱርክኛ ተምራ የወጣችው ይህች ልጅ እሑድ እሑድ አንዲት ክፍል ተከራይታ ለሠራተኞቹ ሰዋስው ታስተምራለች።

«አጎቴ፣ አንድ እሑድ ብቻ ይምጡ። ካልወደዱት ሁለተኛ አልነዘንዝዎትም» ትለዋለች።

«እኔ? በዚህ ሽበት? ከትናንት ልጆች ጋር አግዳሚ ላይ ተደርድሬ? ተይኝ እባክሽ!»

«ሽበትዎን ማን ከለከለው? ይዘውት ይምጡ።»

«ሰዋስው ጨርቅ አይቆርጥም፣ ልጄ። ዐሥራ አንድ ዓመት ከሰዎቹ ጋር ሠርቻለሁ። እነሱ ‹ታማም› ይሉኛል፣ እኔም ‹ታማም› እላቸዋለሁ። እሺ ማለት ነው። ይኸው ተግባብተን እንኖራለን።»

«እሺ ማለት ብቻ የሚያውቅ ሰው፣ እምቢ ማለት ሲያስፈልገው ምን ያደርጋል?»

አባ መቀስ ወደ እኔ ዞረ። «መምህር፣ እስቲ አንተ ፍረድ። ጨርቁን ስዘረጋ እንኳ የማትደርስብኝ ልጅ ልታስተምረኝ ነው!»

እኔም ሞኙ ፈገግ አልኩ። በእኛ ዕድሜ ማን ቅጥያና ግስ ሲያጠና ይውላል ብዬ በልቤ ከእሱ ጋር ቆሜ ነበር። ልጅቷ ግን ፈገግታዬን አየችና ጥያቄውን ለወጠችው።

«መምህር ይስሙልኝ። አጎቴ፣ ሐሙስ የሱቁ ወረቀት ይፈረማል አይደል?»

«ይፈረማል።»

«ቀድሞ የሚፈርመው ማን ነው?»

ጎረቤቴ ወገቡን ቀጥ አደረገ። «እኔ ነኛ! ሌላ ማን ሊሆን ነው?»

ነገሩን ለእኔ ያስረዳኝ ራሱ ነው፤ በኩራት። ፋብሪካው ግቢ ውስጥ ሱቅ አለ። ሠራተኛው ዘይቱን፣ ሳሙናውን፣ ዱቄቱን በዱቤ ይወስዳል፣ ዋጋው ከደመወዙ ይቆረጣል። በየሦስት ወሩ የሱቁ ጸሐፊ በቱርክኛ የተጻፈ ወረቀት ይዞ ይመጣል። ምላሱ ቅቤ የሆነ ሰው ነው። «አባ መቀስ፣ እርስዎ ቀድመው ይባርኩልን!» ይልና እስክሪብቶውን በሁለት እጁ ያቀርብለታል። እሱ በመጀመሪያው መስመር ላይ ይፈርማል። ከኋላው የተሰለፉት አርባ ቆራጮችና ሰፊዎች የእሱን ፊርማ ያዩና ያለ አንድ ጥያቄ ይፈርማሉ።

«ወረቀቱ ምን ይላል?» አልኩት።

«የሱቅ ወረቀት ነዋ!»

«አንብበኸዋል?»

«በቱርክኛ ነው አልኩህ እኮ፣ መምህር።»

ፈገግታዬ ከፊቴ ጠፋ። እውነቱን ልናገር፣ ደሜ ፈላ። አንድ ሳንቲ ጨርቅ እንዳይባክን ሦስት ጊዜ ለክቶ የሚቆርጥ ሰው፣ የገዛ ኑሮውን ሳይለካ ይፈርማል! ደግሞ ብቻውን ቢሆን ምናለ? አርባ ሰው ከኋላው አሰልፎ!

«የቆረጡልህን ደረሰኝ ምን ታደርገዋለህ?» አልኩት ቁጣዬን ዋጥ አድርጌ።

«ምን አደርገዋለሁ? አስቀምጠዋለሁ። ቤቴ የሚጠፋ ነገር የለም።»

ዝናቡ ሲያባራ ሦስታችንም ወደ ቤቱ ሄድን። አንዲት ክፍል ናት፤ በመስኮቱ በኩል የልብስ ስፌት መኪና፣ በግድግዳው ላይ የተሰቀሉ የካርቶን ልኮች። አባ መቀስ ከአልጋው ሥር የብስኩት ጣሳ አወጣ። የዐሥራ አንድ ወር ደረሰኝ በየወሩ ተለይቶ፣ በጨርቅ ቅዳጅ ታስሮ ተቀምጧል። እንዲህ ያለ ሥርዓት በትምህርት ቤታችን መዝገብ ቤት እንኳ አላየሁም። ሁሉም ግን በቱርክኛ ነው፤ አንዱም አልተነበበም።

ልጅቷ አነበበች፣ እኔ በአዲሱ ቀይ እስክሪብቶዬ ጻፍኩ፣ ባለቤቱ አጠገባችን ቆማ ልብስ ታጥፋለች። በዓመቱ መጀመሪያ ላይ የነበረበት ዕዳ አራት ሺህ ብር ነው። በየወሩ አምስት መቶ ይቆረጥበታል። በየወሩ ደግሞ የሦስት መቶ ብር ዕቃ ይወስዳል።

«ለሦስት መቶ ብር ምን ምን ይሰጡሃል?» አለች ባለቤቱ በድንገት።

ልጅቷ ዘይቱን፣ ሳሙናውን፣ ዱቄቱን በተራ አነበበችላት። ሴትዮዋ የያዘችውን ሸሚዝ አልጋው ላይ ወረወረችው።

«ይሄ ሁሉ ጥግ ላይ ካለው ሱቅ ሁለት መቶ ዐሥር ብር ነው! እዚህ፣ ከበራችን ሃያ እርምጃ! ሳሙና በስንት እንደሚሸጥ አንድ ቀን ጠይቀኸኝ ታውቃለህ? በወር ዘጠና ብር እየጣልክ ለእኔ ‹ቆጥቢ› ትለኛለህ! መነጽሬ ከተሰበረ ዓመት ሊሞላው ነው፣ ‹ዕዳው ይለቅ› እያልከኝ!»

አባ መቀስ አቀረቀረ። «ከደመወዝ ስለሚቆረጥ እኮ ከኪሴ የወጣ አይመስለኝም ነበር» አለ ቀስ ብሎ። ይህችን ቃል ከስንት ሰው አፍ ሰምቻለሁ! ዓይን ሳያየው የሚሄድ ገንዘብ እንዳልሄደ ይቆጠራል። ነጋዴም ይህንን ያውቃል።

ደመርኩ፣ ቀነስኩ። ቀሪው ዕዳ አንድ ሺህ ስምንት መቶ ሊሆን ይገባል። የመጨረሻው ደረሰኝ ግን አራት ሺህ ሦስት መቶ ይላል። ሁለት ሺህ አምስት መቶ ብር ከየት መጣ? እንደገና ደመርኩ። እዚያው ነው።

ያን ጊዜ ልጅቷ ከጣሳው ግርጌ ሌላ ወረቀት አወጣች። ጸሐፊው ለመጀመሪያው ፈራሚ ብቻ የሚሰጠው ቅጂ ነው፤ አጎቷ እንደ ምስክር ወረቀት በላስቲክ ጠቅልሎ ያስቀመጠው። ከፊርማው በላይ ያለውን መስመር በጣቷ እየተከተለች አነበበችና ፊቷ ተለዋወጠ።

«አጎቴ፣ ይሄ የክብር ቦታ አይደለም። ‹ኬፊል› ይላል፤ ዋስ ማለት ነው። ‹ከዚህ በታች ከፈረሙት ውስጥ ዕዳውን ሳይከፍል ከሥራ የወጣ ቢኖር እኔ እከፍላለሁ› ይላል። ባለፈው በጋ ሥራውን ጥላ የሄደችውን አዝራር ሰፊ ያስታውሷታል?»

«እንዴት አላስታውሳት! ሳትሰናበተን የሄደችው?»

«የእሷን ዕዳ እየከፈሉ ያሉት እርስዎ ነዎት። በደረሰኙም ጀርባ ላይ አለ፤ ይኸው ስሟ፣ ሁለት ሺህ አምስት መቶ ብር።»

ባለቤቱ የአልጋው ጠርዝ ላይ ቁጭ አለች። አባ መቀስ ወረቀቱን ተቀበለና ፊርማውን ሲያየው ቆየ።

እኔ ግን ዝም ማለት አልቻልኩም። «ሌቦች! የሰው አገር ሰው መጥቶ...» ብዬ ስጀምር ልጅቷ አቋረጠችኝ።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ መምህር፣ ሱቁን የተከራየው የእኛው ሰው ነው። ጸሐፊውም የእኛው ነው፤ ወረቀቱ ምን እንደሚል አሳምሮ ያውቃል። ቱርክኛው ምን አደረገ? ቋንቋውን መጋረጃ ያደረጉት እነሱ ናቸው። መጋረጃውን መግለጥ ያቃተን ደግሞ እኛ ነን።»

አፈርኩ። የማፍርበትም ብዙ ነበረኝ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ በርሜል በስንት ሰዓት እንደሚሞላ ልጆችን ሳስጨንቅ፣ አንድ ቀን እንኳ የደመወዝ ደረሰኝ ይዤ ክፍል አልገባሁም። ከጸሐፊው ፊት ተሰልፈው ከሚፈርሙት አርባ ሰዎች ውስጥ ስንቱ የእኔ ተማሪ ነበር!

«እንግዲህ ሐሙስ አልፈርምም» አለ አባ መቀስ በመጨረሻ።

«አለመፈረምዎ ብቻ አይበቃም» አለችው። «‹አባ መቀስ ዛሬ አኩርፈዋል› ይልና ሌላ ሰው መጀመሪያው መስመር ላይ ያስቀምጣል። አንብበው ነው እምቢ ማለት ያለብዎት። በሰው ሁሉ ፊት።»

«በሦስት ቀን?»

«በሦስት ቀን ቋንቋ አይታወቅም። አንድ ወረቀት ግን ይነበባል።»

ጎረቤቴ ተነስቶ ጥቁር ቁራጭ ጨርቅ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋና የልብስ ጠመኔውን ሰጣት። ትምህርቱ እንዲህ ተጀመረ። «ኤቭ» ቤት፣ «ኤቪም» ቤቴ፣ «ኤቪምዴ» በቤቴ። ከቃሉ ጀርባ እየቀጠሉ መሄድ ነው። «ግሱም እንደ እኛው መጨረሻ ላይ ነው የሚመጣው» አለችው።

«እንደ እጅጌ ነዋ!» አለ አባ መቀስ። «አካሉ አለ፣ እጅጌው ይቀጠላል፣ ከዚያ ክፈፉ። ይሄን ነው ሰዋስው እያላችሁ ስታስፈራሩኝ የከረማችሁት?»

ማክሰኞና ረቡዕም ከሥራ መልስ ተቀመጠ። አንዳንዴ ይናደዳል፣ ጠመኔውን ይወረውራል፣ ራሱ ያነሳዋል። ባለቤቱም ልብስ ማጠፉን ትታ አጠገቡ ተቀመጠች። ከእሱ ቀድማ የምትይዘው ቃል ሲበዛ «አንቺ ምን ቤት ነሽ?» እያለ ይቆጣል፣ እሷም ትስቃለች።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ከልጅቷ ጋር ፋብሪካው አጥር ጥግ ቆሜ አየሁ። ጠረጴዛው ግቢው ውስጥ ወጥቷል፣ አርባው ሰው ተሰልፏል። ጸሐፊው እስክሪብቶውን በሁለት እጁ አቀረበ። «አባ መቀስ፣ ይባርኩልን!»

አባ መቀስ እስክሪብቶውን አልተቀበለም። ወንበር ስቦ ተቀመጠና ወረቀቱን ወደ ራሱ አዙሮ፣ ጣቱን ከመጀመሪያው ቃል ላይ አኑሮ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ ማንበብ ጀመረ። እየተንተባተበ፣ አንዱን ቃል ሦስት ጊዜ እየደገመ።

«አባባ፣ ሰልፉ ቆመ እኮ!» አለ ጸሐፊው። ሳቁ ግን ከፊቱ ላይ እየጠፋ ነበር።

«ይቁም!»

አንድ ልጅ እግር ሰፊ ከኋላ ሳቀ። ሌላዋ በክርኗ መታችው። «ኬፊል» ላይ ሲደርስ አባ መቀስ ወደ ሰልፉ ዞረና በገዛ ቋንቋችን ምን ማለት እንደሆነ ተናገረ። የአዝራር ሰፊዋንም ዕዳ ነገራቸው። ሰልፉ ፈረሰ፣ ሰው ሁሉ ጠረጴዛውን ከበበ። ጫጫታውን ሰምቶ ቱርኩ ሥራ አስኪያጅ ከቢሮው ወጣ። አባ መቀስ ተነሣና ደረሰኙን ከኪሱ አውጥቶ፣ ጣቱን ሁለት ሺህ አምስት መቶዋ ላይ አድርጎ በዐሥራ አንድ ዓመት ውስጥ የመጀመሪያውን ሙሉ ዓረፍተ ነገር ተናገረ።

«ቡ ቦርች ኪሚን?» ይህ ዕዳ የማን ነው?

ሥራ አስኪያጁ ወረቀቱን አንስቶ እስከ መጨረሻው አነበበ። ጸሐፊውን አየው፣ ሰልፈኞቹን አየ። ልጅቷ በኋላ እንደተረጎመችልኝ ያለው ይህንን ነው፦ «ዐሥራ አንድ ዓመት ሲፈርሙ፣ አንብበው የሚፈርሙ መስሎኝ ነበር።» ከዚያ ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተና ጸሐፊውን ወደ ቢሮው አስገባው።

ያ ንግግር እስከ ዛሬ ይቆረቁረኛል። እሱም አልጠየቀም፣ እኛም አላነበብንም። መሐል ላይ የተቀመጠው ሰው ዐሥራ አንድ ዓመት በላ።

የሰው ዕዳ ከአባ መቀስ ላይ ተነሣለት። የራሱ አንድ ሺህ ስምንት መቶ ግን አልተነሣም፣ ይነሣልኝም አላለም። የበላሁትን እከፍላለሁ ብሎ ከግቢው ሱቅ ዱቤ መውሰድ አቆመ፤ በአራት ወር ውስጥ ከፍሎ ጨረሰ። በአምስተኛው ወር ባለቤቱ መነጽር አደረገች። እሑድ እሑድ ሁለቱም ፊተኛው አግዳሚ ላይ ተቀምጠው ይማራሉ፣ እኔም ከሰዋስው በኋላ ለአንድ ሰዓት ሒሳብ አስተምራለሁ። መማሪያችን የየሰው ደረሰኝ ነው። ስንት እንደሚገባለት፣ ስንት እንደሚወጣበት፣ ምን ላይ እንደፈረመ የሚያውቅ ሰው ሲነጋገር ድምፁ እንኳ ይለያል፤ ይህንን በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

ከዚያ ሐሙስ በኋላ በሦስት ወሩ አዲስ ወረቀት መጣ፣ በሁለት ቋንቋ የተጻፈ። አዲሱ ጸሐፊ እንደ ቀድሞው ልማድ እስክሪብቶውን ለአባ መቀስ አቀረበ።

«ለእኔ አይደለም» አለ አባ መቀስ። «እነሱ ያንብቡ። እኔ መጨረሻ ላይ እፈርማለሁ።»

ሰልፉ እስኪያልቅ ሁለት ሰዓት ፈጀ። ቁጭ ብሎ ጠበቃቸው።