ሳጥን ነው ወይስ የጥያቄ ምልክት?

ከቆቦ በወጣው ሚኒባስ ውስጥ፣ ከፊቴ ላፕቶፕ ታቅፎ የተቀመጠውን ሰው አጠገቡ ያለችው ሴት አናገረችው።

«ወንድሜ፣ እንደ ሕፃን ታቀፍከው እኮ!»

«አዲስ ዊንዶውስ አስጭኜበት የቪዲዮው ጽሑፍ ጠፋብኝ።»

«የፊልም?»

«የእህቴ ሰርግ ነው። ጆሮዋ ስለማይሰማ የሽማግሌውን ምርቃት ከምስሉ ሥር ጽፌላት ነበር።»

«እሱማ፣ ሰምተህ እንደገና ጻፈዋ!»

«እልልታው ድምፃቸውን ውጦታል። ያኔ ራሳቸውን ጠይቄ ነው የጻፍኩት። አሁን እሳቸውም የሉ፤ አላህ ይዘንላቸው።»

«አሚን። በጽሑፉ ቦታ የሚታየው ሳጥን ነው ወይስ የጥያቄ ምልክት?»

«ባዶ ሳጥን ብቻ።»

«እሰይ! የጥያቄ ምልክት ቢሆን አልቆልህ ነበር። ጽሑፉ አለ፤ ማጫወቻው የአማርኛ ፊደል አጥቶ ነው። ሴቲንግ ውስጥ ገብተህ ፎንቱን ቀይርለት፣ ይመጣል።»

«ወላሂ በይ!»

«ወላሂ። እህትህስ ተቆጣችህ?»

«ኧረ እሷ! ሳጥኑ ብቅ ባለ ቁጥር እጇን ዘርግታ ምርቃቷን ትቀበላለች።»

ረዳቱ «ሮቢት ወራጅ!» ሲል፣ የእኔንም እጆች ለምርቃት ጉልበቴ ላይ ተዘርግተው አገኘኋቸው።