ጎማና ፕላስቲክን ያስታረቀችው ሴት

በሶዶ፣ ጫማ አውልቀን የምናልፍበት የደብራችን መግቢያ በክረምት ጭቃ ብቻ ነበር፤ እኔም ከማኅሌት ስወጣ ሁለት ጊዜ ወድቄበታለሁ። ስለዚህ ያረጀ ጎማ ፈጭታ፣ ከቀለጠ ፕላስቲክ ጋር ቀላቅላ የመሬት ንጣፍ የምትሠራውን ወይዘሮ ዘነበችን ጠራናት። ያመጣችውን ናሙና በጉልበቴ ላይ ባጥፈው ግን እንደ ሽንኩርት ተላጠ። ቄሰ ገበዙም የገዛ እግራቸውን የጎማ ጫማ እያሳዩ፣ «ደግሞስ በረባሶ አውልቀን በረባሶ ልንረግጥ ነው?» ብለው ሳቁባት። እርሷ አንገቷን አልደፋችም። «አባቶቼ፣ ጎማና ፕላስቲክ ብቻቸውን አይስማሙም። ሁለቱንም ይዞ የሚያስተሳስር ቅመም አለ፤ መጠኑን እስካገኝ ጊዜ ስጡኝ» አለች። ስንት የተጣላ ጎረቤት ያስታረቅሁ ሰው ነኝና ነገሩ ገባኝ፤ «ጊዜው ይሰጣት!» አልሁ።

ሦስት ጊዜ ሠርታ ሦስቱንም ራሷ ጣለቻቸው። አራተኛውን ይዛ በዝናብ መጣች። ባጥፈው አልተላጠም፤ ስለቀውም ተመልሶ ተቃና። ጭቃው ላይ አነጠፈችው። ቄሰ ገበዙ በረባሶአቸውን አውልቀው ወጡበት፤ በተረከዛቸውም እየደጋገሙ ረገጡት። ከዚያም ከላዩ ሳይወርዱ፣ «ልጄ፣ እስከ ቤተ መቅደሱ ደረጃ ድረስ አድርሽልን» አሏት።