ኦፕን ማይንድድ ነኝ ያልኩ ዕለት

ልጄ ሰላም ስለ አለቃዋም ስለ ጓደኞቿም ስታወራ «ኦፕን ማይንድድ ነው፣ ኦፕን ማይንድድ ናት» ማለት ትወዳለች። የሌላውን ሐሳብ ሳይከብደው የሚቀበል ሰው ማለት ነው ብላኛለች። ቃሉ ደስ ስላለኝ ለአንድ ቀን ብዬ ያዝኩት። እሷን ለትዳር ሊጠይቁ ሽማግሌዎች አሶሳ ቤታችን መጡ። አባቷ ስላረፈ መልስ ሰጪዋ እኔ ነኝ። እንደ ወጉ ቆመው ጉዳያቸውን ሲናገሩ፣ ለይሉኝታ እንኳ ቀጠሮ ሳልሰጥ «ግዴላችሁም ተቀመጡ፣ እኔ ኦፕን ማይንድድ ነኝ» አልኳቸው።

ከፓዌ የመጡት ትልቁ ሽማግሌ ፈገግ አሉና «ተመስገን። እንግዲህ ልጁ የሚሠራው ቶንጎ ስለሆነ ከሠርጉ በኋላ ይዟት ይሄዳል» አሉ።

«ቶንጎ? ከባምባሲም አልፎ ያ ሁሉ መንገድ? አይሆንም» አልኩ፣ ሳላስበው።

«እትዬ፣ ኦፕን ማይንድድ ያሉን እስከ ባምባሲ ድረስ ነው እንዴ?»

ቤቱ በሳቅ ሞላ። ከመጋረጃው ጀርባ የሰላምን ሳቅ ለየሁት፤ አባቷ ካረፈ ወዲህ እንዲያ ስትስቅ ሰምቻት አላውቅም። በልቤ እመቤቴን ጠራሁና «እሺ፣ እግዚአብሔር ይባርካቸው» አልኩ። ምርቃቱን ሳልጨርስ ግን «ለመሆኑ ከቶንጎ ወደዚህ መኪና በየቀኑ አለ?» ብዬ ጠየቅኩ።