ካራቫን ውስጥ የቀረችው መንገድ መሪ

ሞሪን እቴ፣ ሻይሽን ይዘሽ ወደዚህ ነይ፣ እዚህ ጋ ነፋሱ አይደርስም። ወንበሩን ሳብ አድርጊው... ቀስ፣ አንደኛው እግሩ ይከዳል። ይኸው። የዌልስ አየር መቼም ታውቂዋለሽ፤ ጠዋት ዝናብ፣ ከሰዓትም ዝናብ፣ አሁን እኛ ደርሰን ድንኳኑን ወጥረን ከጨረስን በኋላ ፀሐይ። እሷም ዘግይታ መጣች። ዛሬ ያልዘገየ የለም...

ባሕሩ እንዴት ያምራል። አምናም እናንተ እዚያው፣ እኛ እዚሁ ነበርን። ባልሽ ክሊፎርድስ ደህና ነው? ጉልበቱ ተሻለው? እሰየው። ኬኩን ቅመሺልኝ እስቲ፤ ለእንግዳ ብዬ ነበር የጋገርኩት። እንግዳዋ አልቆየችም እንጂ። ልጄ ሄዘር ሕፃኗን ታቅፋ በቀጠሯችን ሰዓት እዚህ ደርሳ ነበር አሉ። የሜዳው በር አጠገብ ስትጠብቅ፣ ስትጠብቅ፣ ሕፃኗ አላስቆም ስትላት ወደ ቤቷ ተመለሰች። ሻይ የሰጠሻት አንቺ ነሽ አይደል? እግዜር ይስጥሽ። እና... አየሻት ሕፃኗን? ዓይኗ ማንን ይመስላል? ንገሪኝ እንጂ፣ እኔማ በፎቶ ነው የማውቃት። ከተወለደች ሁለት ወር ሆናት፣ እኔ አያትዋ እስካሁን በስልክ መስታወት ላይ ነው የምስማት። ነገ ክርስትና ትነሳለች።

አይ፣ ማንንም አልወቅስም። ማንን እወቅሳለሁ? ድምፄን ዝቅ ላድርግ መሰለኝ፤ እዚያ ታጣፊ ወንበር ላይ ጋዜጣ የሚያነብ ሰው አለ፣ ሲያነብ መረበሽ አይወድም። ከደረስን ጀምሮ አንዷን ገጽ ነው የያዘው። የፈረስ ግልቢያ ውጤት ጥልቅ ነገር ቢሆን ነው... ስለ ባሌ ደግሞ አንድ ክፉ ቃል ከአፌ ወጥቶ አያውቅም፣ አንቺ ምስክሬ ነሽ። አሁን የማወራሽ ስለ ሌላ ሰው ነው። አንድ የማውቀው ሰው አለ። ሚስትም አለችው፤ እሷንም በቅርብ አውቃታለሁ፣ ዝም ማለት የምታበዛ ሴትዮ ናት።

ሰውዬው ምን የመሰለ ሹፌር መሰለሽ። የእንግሊዝን መንገድ፣ የዌልስን መንገድ ሁሉ በቃሉ ነው የሚያውቀው። ከማወቁ ብዛት የተነሳ ወደ አንድ ቦታ በሦስት መንገድ ይወስድሻል፤ ሁለቱ አይደርሱም እንጂ። ልጆቹ ለልደቱ መንገድ መሪ መሣሪያ፣ ጂፒኤስ፣ ገዙለት፤ ያቺ ድምፅዋ የትምህርት ቤት ዳይሬክተር የመሰለችው፣ «በግራ ይታጠፉ» የምትለው። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አልተዋደዱም። እሷ «በግራ» ስትለው እሱ «ምን አባሽ ታውቂያለሽ» ይላታል። እስቲ አስቢው፣ ለዕቃ እንኳ መልስ የማይነፍግ ሰው፣ ለሰውማ እንዴት ያለ ትሑት ይሆን...

ነገሩ የተበላሸው በኤሌክትሪክ ነው። መሣሪያዋ አርጅታለች፣ የራሷ ባትሪ አንድ ስኒ ሻይ ተጠጥቶ እስኪያልቅ አይቆይም። መኪናው ውስጥ ካለችው የሲጋራ መለኮሻ ቀዳዳ ላይ ካልተሰካች ትሞታለች። ቀዳዳዋ ደግሞ አንድ ናት። ሰውዬው ግን ለጋስ ነው፣ ለአንዱ ሰጥቶ ለሌላው መንፈግ አይሆንለትም። ማከፋፈያ ገዛና አንዷን ቀዳዳ ሦስት አደረጋት። በአንዷ መንገድ መሪዋን ሰካ። በሁለተኛዋ የቢራውን ማቀዝቀዣ ሣጥን፤ ቢራ ከሞቀ እንግዲህ ሽርሽሩ ምን ዋጋ አለው? ሦስተኛዋን ለሻይ ውሃ ማፍያዋ አስቀመጠላት። ሚስትየዋ «ይሄ ሁሉ ለአንዲት ፊውዝ አይበዛባትም?» አለችው። «አታስቢ» አላት። ደግ ነው፤ ሚስቱ ስታስብ ማየት አይወድም።

እና ካራቫናቸውን፣ ተጎታች ቤታቸውን፣ በመኪናው እየጎተቱ መንገድ ዳር ያለች ማረፊያ ላይ ቆምን... ይቅርታ፣ ቆሙ። ሻይ ሊያፈሉ። ውሃ ማፍያዋን ሲሰካት... ጭጭ። መንገድ መሪዋም ጭጭ፣ የቢራው ሣጥንም ጭጭ። ፊውዙ ተቃጠለ።

ፊውዝ ማለት እንግዲህ የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል ነገር ናት። እዚያው ማረፊያው ላይ ካራቫን የሚጎትት ሰው ተደርድሮ ሻይ ይጠጣል፤ መሳቢያው ውስጥ ትርፍ ፊውዝ የሌለው ካራቫነኛ አይተሽ ታውቂያለሽ? ወረድ ብሎ «ወንድሜ፣ አንዲት ፊውዝ» ማለት ነበር። ግን ክብር ያለው ሰው ነው፣ አይጠይቅም። በሕይወቱ መንገድ ጠይቆ አያውቅም፣ ፊውዝ ሊጠይቅ ነው? «ችግር የለም፣ ካራቫኑ የራሱ ባትሪ አለው» ብሎ መሣሪያዋን ይዞ ሄደና ካራቫኑ ውስጥ፣ ጠረጴዛው ላይ ሰካት። እየሄዱ እሷ ቻርጅ ታደርጋለች፣ ከዚያ ወደ ፊት ያመጣታል። በሩንም ቆለፈባት።

አትሳቂ፣ ሞሪን። ሳቅሽ እዚያ ይሰማል፣ ሰው ያነባል። አዎ፣ አውቃለሁ፤ እዚህ ሜዳ ላይ ያለ ሁሉ የሚያውቀው ነገር ነው። የመኪናው ሞተር ሲነሳ ካራቫኑ ውስጥ ያለው መብራት ይቋረጣል፣ ሞተሩ ሲጠፋ ይመለሳል። ካራቫን ሲጎተት ተኝቶ ነው የሚሄደው። ዘንድሮ የጀመረ ሰው እንኳ ይህን አይስተውም። ይሄ ሰውዬ ግን የቆየ ነው፣ የጀማሪ ነገር ራሱ ውስጥ ቦታ የለውም። ሚስቱ «ሞተሩ ሲነሳ ይቋረጣል ብለውን አልነበር?» አለችው። እንዲያው ለወሬ ያህል። ምን ያላት ይመስልሻል?... እንዴት አወቅሽ?

ከዚያ መንገዱን በልቡ ይዞ ነዳ። የድንጋይ ቤተ ክርስቲያኗ ጋ፣ መንታ መንገዱ ላይ፣ ሚስትየዋ የካራቫን ሥዕል ያለበትን ቡናማ ምልክት አይታ «በግራ ነው መሰለኝ» አለች። እሱ በቀኝ ገባ። አቋራጭ አለው። አቋራጩስ እውነት አቋራጭ ነው፣ ነገሩን ሁሉ ቶሎ ጨረሰው። መጀመሪያ የመንገዱ የመሐል መስመር ጠፋ። ቀጥሎ ሣር በቀለበት። በግራ ቁጥቋጦ፣ በቀኝ ካብ፤ የካራቫኑን ሁለት ጎን እየዳበሱ ሸኟቸው። ያ አዲስ ቀለም የተቀባው ጎን... የሌላ ሰው ካራቫን ነው እንጂ፣ የኛንስ አሁን ዞር ብለሽ ብታይው ተመሳሳይ ጭረት ታገኚበታለሽ። አጋጣሚ ነው። በመጨረሻ የብረት በር መጣ፣ ከበሩ ወዲያ በግ ብቻ። ወደፊት የለም፣ መዞሪያ የለም። ሰውዬው ሞተሩን አጠፋ።

እና ከኋላ፣ ከተቆለፈው ካራቫን ውስጥ... «ሲመችዎ ዞረው ይመለሱ።»

እውነቴን ነው። ሞተሩ ሲጠፋ መብራቱ ተመለሰ፣ መብራቱ ሲመለስ እሷ ነቃች። ሰውዬው ደንግጦ ሞተሩን አስነሳ፤ ዝም አለች። አጠፋው። «ሲመችዎ ዞረው ይመለሱ።» እንዴት ያለች ጨዋ ናት እቴ፣ አንድ ክፉ ቃል አልተናገረችም። ሚስትየዋ አልሳቀችም። ከንፈሯን ነክሳ ወደ በጎቹ ዞረች፤ በጎቹም ወደ እሷ ያዩ ነበር፣ ተግባቡ።

ከዚያ አንድ ገበሬ ከነውሻው በትራክተር መጣ። አላስቸገረም፣ አልተቆጣም፣ ኮፍያውን ገፋ አድርጎ ጆሮውን ወደ ካራቫኑ አዘነበለ። «ጌታዬ» አለው፣ «ሚስትዎን ከኋላ ቆልፈውባታል እንዴ? በጉዞ ላይ ካራቫን ውስጥ ሰው ማስቀመጥ ክልክል ነው።» ሚስትየዋ ከፊት ወንበር እጇን አወዛወዘችለት። ገበሬው እሷን አየ፣ ካራቫኑን አየ፣ እንደገና እሷን አየ። «ታዲያ ከኋላ ያለችው ማን ናት?» አለ። ሚስትየዋ ናት የመለሰችለት፦ «እኔ የምለውን ነው የምትለው።» ገበሬው አሰብ አደረገና ምን ቢል ጥሩ ነው? «ሁለት ሆናችሁ እየነገራችሁት አልሰማችሁም?»

ትራክተሩ ወደ ኋላ ሲስባቸው ረጅም ጊዜ ወሰደ። እዚህ ላይ ሞሪን... እዚህ ላይ እኔም ሳቄ ያልቃል። ያቺ ሴትዮ ለሕፃኗ በእጇ የሠራቻትን ነጭ ኮፍያ ጉልበቷ ላይ ይዛ ነበር የተቀመጠችው፤ ሻንጣ ውስጥ እንዳትጨማደድ ብላ። ካቡ በመስኮት በኩል ወደ ፊት ሲሄድ እያየች፣ አሁን ሕፃኗ እዚያ ደርሳለች፣ አሁን ታለቅሳለች፣ አሁን ሊወስዷት ነው እያለች። እሱም ያውቃል። አንዴ እጇን ሊይዝ ብሎ ማርሹን ያዘ። ክፉ ሰው አይደለም፤ ክፉ ቢሆንማ ነገሩ ቀላል ነበር።

ይሁን፣ ትቼዋለሁ። የኛን አመጣጥ ደግሞ አንቺው አይተሻል። ሰው ሁሉ ሻዩን ይዞ ወጥቶ ነበር። አየር ለመቀበል እንጂ ለማየት ነው አላልኩም፤ እኛም ሌላው ወደ ኋላ እየነዳ ቦታው ሲገባ አየር እንቀበላለን። ከኋላ ቆሜ «ወደ ግራ፣ ወደ ግራ» እያልኩ እጄን ሳወዛውዝ አየሽኝ? እዚያ ጋዜጣ የሚያነበው ሰው በመስታወቱ አየኝና... ሰላምታ መስሎት እጁን አነሳልኝ። ጨዋ ነው፣ አንድም ሰው ሰላም ሳይል አያልፍም። የውሃ ቧንቧዋንም ሰላም አላት። አልሰበራትም፣ አዘነበላት ብቻ።

ነገማ ቀላል ነው። ክርስትናው በጠዋት ነው፣ ሄዘር ያለችበት መንደር ከተራራው ወዲያ። ያ የነገርኩሽ ሰውም ነገ እንዲሁ ክርስትና አለበት፤ እይ እንግዲህ ግጥምጥሞሽ። ካራቫኑን ፈትቶ በባዶ መኪና ነው የሚሄደው። «ጂፒኤስ ለምን ያስፈልጋል፣ መንገዱን አውቀዋለሁ» ብሏል። እሱ አውቀዋለሁ ካለ ምን ያሰጋል? ቄሱ ይጠብቃሉ። ሕፃኗም ትጠብቃለች። በጣም ከዘገየም በራሷ እግር ሄዳ ትጠመቃለች...

ሚስትየዋ አንድ ነገር ብቻ ነው ያማራት። ያቺን ጥፍር የምታህል ነገር። እሱ ራሱ አይጠይቅም፣ እሷ ደግሞ ብትጠይቅ «ሰው ፊት አዋረድሽኝ» ይላታል፤ ስለዚህ አትጠይቅም። እኔም አልጠየቅኩም፣ ሞሪን። እኔ ወሬ ነው የማወራሽ። ኧረ ተቀመጪ... ኧረ ለምን ትነሻለሽ? ክሊፎርድን ለምን ትጠሪዋለሽ፣ ጉልበቱን ያመዋል... አንድ ቆርቆሮ ሙሉ ፊውዝ አለው? አይ ክሊፎርድ። እሱ መቼም ሲጠይቁት ይሰጣል፣ ሲቸግረው ይጠይቃል፤ እንደዚህ እየኖረ ነው ሰው ሁሉ በየሜዳው የሚወደው። ምን ታደርጊዋለሽ፣ ለክብሩ አይጨነቅም። ቢጫዋ ናት፣ አዎ። በኬኩ ሳህን ሥር አድርገሽ አምጪልኝ፣ አንባቢው እንዳይረበሽ። አመሰግናለሁ የኔ ወርቅ።

ሌላም ጉድ ልንገርሽ። የመኪናውን ቁልፍ ሹራቤ ኪስ ውስጥ አገኘሁት። እንዴት እንደገባ እኔ እንጃ። ያቺ ሴትዮ መንጃ ፈቃድ አላት፤ ከእሱ በፊት ነው ያወጣችው፣ ጠይቋት ስለማያውቅ ነው እንጂ ትነግረው ነበር። ነገ ፊውዟ ትገባለች፣ መንገድ መሪዋ ከፊት ትሰካለች፣ ብቻዋን። ቢራው በባልዲ ውሃ ይቀዝቅዝ። ሁለቱ ሴቶች ከፊት ይሆናሉ፣ እሱ ከኋላ፣ ከኬኩ ጋር። ምቾት አለው፣ እግር መዘርጊያም አለ። «በቀኝ ነው» ማለት ቢያምረው ከኋላ ሆኖ ይበል፣ ማን ይከለክለዋል?

እህ... ጋዜጣው ዝቅ አለ እንዴ? አይደለም፣ ነፋስ ነው። ግን ያ ሰው አንገቱ እንዲህ ቀይ ነበር? ፀሐይ መትቶት ይሆናል። ዘግይታ ብትመጣም ደህና አድርጋ ነው የመታችው።

አይ፣ ቂም የለኝም። ለዚያ ለነገርኩሽ ሰው ደግሞ ሳልመርቅለት አልነሳም። እግዜር ዕድሜና ጤና ይስጠው። ጉልበቱን ያጽናለት። ቢራው አይሙቅበት፣ ቀለሙም አይጫርበት። የልጅ ልጁን አቅፎ ለመሳም ያብቃው፤ ከዚያም ለወግ ለማዕረግ በቅታ ያሳየው። ደግሞ... እሱ ዕድሜውን ሙሉ ሰው ሲናገር እንዴት አድርጎ ሲሰማ እንደኖረ አንቺም እኔም እናውቃለን። እሱም ከነገ ጀምሮ በተናገረ ቁጥር፣ ልክ እንደዚያው አድርጎ የሚሰማው ሰው አያሳጣው። አሜን በይ እንጂ ሞሪን።