ከመቀየሩ በፊት ይታጠብ

ከአሰላ ወደ ሳጉሬ በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ፣ ከኋላዬ አንድ ወጣት አዲስ ራዲያተር ታቅፎ ተቀምጧል። አጠገቡ ያሉት ሽማግሌ በመዳፋቸው ዳበስ አደረጉት።

«ራዲያተር ነው?»

«አዎ አባባ። መኪናዬ ዳገት ላይ እየፈላ አስቸገረኝ። የውሃ ፓምፑን ቀየርኩ፤ ያው ነው።»

«ከመቀየርህ በፊት አጥበኸዋል?»

«ምኑን?»

«ውሃው የሚዞርበትን መስመር ነዋ። ስትከፍተው ምን ዓይነት ውሃ ይወጣል?»

«ቀይ ጭቃ የመሰለ።»

«ዝገት ነው። ሞተሩ ውስጥ ከቀረ ይህንን አዲሱንም ይደፍንብሃል። መጀመሪያ ሞተሩ ይቀዝቅዝ፤ አሮጌውን ውሃ አፍስሰው። ከዚያ ንጹሕ ውሃ እስኪወርድ ድረስ ደጋግመህ እጠበው። ምናልባት አሮጌው ራዲያተር ራሱ ይበቃህ ይሆናል።»

«ጋራዥ ግን ይህን የነገረኝ የለም። ጊዜም የለኝም አባባ፤ ሚስቴ ወሯ ገብቷል። ምጥ ይዟት ወደ ሆስፒታል ስወስዳት ዳገቱ ላይ ቢቆምብኝስ?»

ሽማግሌው ወደ ወጣቱ ዞር አሉ።

«አብሽር ልጄ። ዛሬውኑ አብረን እናጥበዋለን።»

«መካኒክ ነዎት እንዴ?»

«ዓይኔ እስኪጠፋ ድረስ ነበርኩ። እጄ ግን አልረሳውም። አንተ የውሃውን መልክ ብቻ ትነግረኛለህ።»

«ቤት አይጠብቁዎትም?»

«ይጠብቁኛል። ሥራ ላይ ነኝ ብዬ እደውልላቸዋለሁ።»

ሳጉሬ ደርሰን ወጣቱ እጃቸውን ይዞ ሲያወርዳቸው፣ እኔ ሳላስበው ለክብራቸው ከመቀመጫዬ ብድግ አልኩ።